ሐምሌ አሥራ ሦስት እና የጎሚስታው ሰሌዳ

ካዛንቺስ ውስጥ ጎማችሁ ተንፍሶ፣ አታክልቲ ዘንድ ሳትሄዱ ሌላ ቦታ አስለጥፋችሁ ከሆነ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የተለጠፈላችሁ ጎማው ብቻ ነው። አታክልቲ ዘንድ የሄደ ሰው ጎማውም ይለጠፍለታል፣ ዕለቱም ይነገረዋል። ዕለቱ ማለቴ ማክሰኞ፣ ረቡዕ አይደለም፤ እሱንማ ማን ያጣዋል? ያ ቀን በዓለም ላይ ምን ሲሠራ እንደኖረ ነው የምላችሁ።

ሱቁ፣ ሱቅ ካልነው፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ታጠፍ እንዳላችሁ የምታገኟት የቆርቆሮ ከለላ ናት። ከፊቷ አንድ ኮምፕረሰር፣ አንድ ክሪክ፣ ቀዳዳ የሚፈለግበት ውሃ ያለው ግማሽ በርሜል፣ ከዚያ የአሮጌ ጎማ ቁልል። ቁልሉ የደንበኛ ወንበር ነው። ከጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ደግሞ ከአንድ ትምህርት ቤት አሮጌ ዕቃ ሲወገድ ያገኘው ትልቅ ጥቁር ሰሌዳ በአራት ብሎን ተጠርቆ ተሰቅሏል።

በዚህ ሰሌዳ ላይ አታክልቲ በየጠዋቱ፣ እጁ ገና ቅባት ሳይነካ፣ በጠመኔ ሦስት መስመር ይጽፋል። አንዱ ከዓለም፣ አንዱ ከአገር፣ አንዱ ከሰፈር። ሦስቱም በዚያው ቀን የሆኑ፣ ዓመታቸው ብቻ የተለያየ። ለምሳሌ የካቲት 4 ላይ እንዲህ ይላል፦ «በ1982 ዓ.ም. በዛሬው ቀን የደቡብ አፍሪካው ታላቅ እስረኛ ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ በእግሩ እየተራመደ ወጣ።» ዝቅ ብሎ ደግሞ፦ «በ1994 ዓ.ም. በዛሬው ቀን ኢኽላስ ሱቋን ከፈተች። የመጀመሪያው ደንበኛ ክብሪት ጠየቀ። ክብሪት አልነበራትም።»

ኢኽላስ ጎረቤቱ ናት፤ ብስኩት፣ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ፣ አሁን ክብሪትም ትሸጣለች። ምላሷ እንደ ምላጭ ነው። «ስንት ዓመት ሙሉ ክብሪት ሸጬ፣» ትላለች የካቲት 4 በመጣ ቁጥር፣ «የሚጻፍብኝ ያልሸጥኩበት ቀን!» ትላለች እንጂ፣ የዚያን ዕለት ዘመድ ሁሉ እየጠራች ታስነብባለች። አይቻታለሁ።

አታክልቲ ይህን ነገር እንዴት እንደጀመረው ልንገራችሁ። ከአዲግራት አካባቢ በአሥራ ሰባት ዓመቱ መጣ። ትምህርቱን ስድስተኛ ክፍል ላይ ትቶት ነው የመጣው። እዚሁ ካዛንቺስ አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ዘንድ ጎማ መፍታት፣ መለጠፍ፣ መሙላት ተማረ፤ ሽማግሌው ሲያርፉ ከለላዋን ወረሰ። በ1989 ዓ.ም. በሚያዝያ 27 የበዓል ቀን፣ የአንድ ጭነት መኪና ጎማ ከቸርኬው እያላቀቀ ሬዲዮ ሲሰማ፣ ጠላት አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው የገቡት ደግሞ በዚያው ሚያዝያ 27፣ በ1933 መሆኑን ሲናገሩ ሰማ። ብረቱ ከእጁ ወደቀ። በዓሉን ድሮም ያውቀው ነበር፤ ሁለቱ በአንድ ቀን መዋላቸውን ግን ልብ ብሎት አያውቅም።

«አንድ ቀን ይህን ሁሉ ይሸከማል?» አለ። በማግሥቱ ደብተር ገዛ።

ደብተሩ አንድ ሆኖ አልቀረም፤ አምስት ደረሰ። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ፣ ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜ 6። (የጳጉሜ 6 ገጽ ምስኪን ናት፤ በአራት ዓመት አንዴ ስለምትመጣ ምንም አይደርስባትም።) እሑድ እሑድ ቤተ መጻሕፍት ይሄዳል። ሰው ዕቃ የጠቀለለበትን አሮጌ ጋዜጣ ዘርግቶ ያነባል። የጭነት መኪና ሾፌር ሲመጣ «በአገራችሁ ድልድዩ የተመረቀው መቼ ነበር?» ይላል። ፈረንጆቹ የሚሉትን ቀን ወደ እኛ ቀን ለመመለስ የራሱ ሰንጠረዥ አለው፤ ጳጉሜ ስድስት በሆነች ማግሥት ቀኑ በአንድ እንደሚንሸራተት ሳይቀር ያውቃል።

የሰፈሩ መስመር ግን ከሁሉም ይወደዳል። የተጋባ፣ የወለደ፣ ቤቱን ቀለም ያስቀባ፣ ሁሉም ይመጣል። «ጋሽ አታክልቲ፣ የኔን አስገባልኝ።» ያስገባል። አንዴ በአንዲት የመንገድ ጉድጓድ ምክንያት በአንድ ቀን የሰባት መኪና ጎማ ፈነዳ፤ እሱም ገባ። ጉድጓዷ ከተደፈነች በኋላ እንኳ በዓመቱ ሲታወስ ሰው «አቤት፣ ይቺን ጉድጓድ!» እያለ በናፍቆት ያወራላት ነበር።

በሰሌዳው ታች፣ በማይጠፋ በነጭ የዘይት ቀለም፣ አንድ መስመር አለች፦ «ስህተት ያገኘ ሰሌዳውን ያውርድ።» እሷን የጻፋት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። አንድ ሾፌር አንብቦ ሲያበቃ «ጎሚስታ ደግሞ ታሪክ ጀመረ? ጎማህን ሙላ እባክህ!» ብሎ ሳቀበት። አታክልቲ ሄዶ ቀለም ገዛ።

ለምን እንዲህ ራሱን እንዳሰረ አንድ ጊዜ ጠይቄው ነበር። «ጎማ ስለጥፍ ሰው የሚያየው እጄን ነው፤» አለኝ። «ሰሌዳውን ሲያነብ ግን ቀና ብሎ ፊቴን ያያል። ይህን የሚያህል ነገር በዋዛ አይያዝማ።»

እንግዲህ አሁን መምህር ታዲዎስን ላምጣቸው። መምህር ታዲዎስ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው። መኪና የላቸውም። ኖሯቸውም አያውቅም። ግን በየጠዋቱ፣ ዝናብ ቢሉ ፀሐይ፣ ጥቁር ጃንጥላቸውን ይዘው ጎሚስታው ዘንድ ይመጣሉ። ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች ያነባሉ። ከዚያ «አታክልቲ!» ይላሉ። ከዚያ ጠብ ይጀመራል። «ይህ ውል የተፈረመው ጠዋት ነው ከሰዓት?» «ይህቺ ባቡር መጀመሪያ የደረሰችው የት ነው?» አንድ ጥር ላይ ደግሞ የጳጉሜ ስድስትን መንሸራተት ረስቷል ብለው ሰንጠረዥ ይዘው መጡ፤ አታክልቲ አንድ ቀን ወደ ኋላ ስቦ በትክክል ጽፎት ቆያቸው። መምህር ጃንጥላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ደህና፣ ደህና» እያሉ ተመለሱ፤ ፊታቸው ግን ሎተሪ የወጣለት ሰው ፊት ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ። አንዲት ስህተት አልተገኘችም።

እስከ ሐምሌ 13 ቀን 2001።

ሰኞ ነበር። አታክልቲ ያን ቀን ለሳምንታት ሲጠብቀው ከርሟል፤ ለሰማዩ ሲል የአገሩን መስመር እንኳ ትቶ እንዲህ ጻፈ፦

«በ1961 ዓ.ም. በዛሬው ቀን የሰው ልጅ ጨረቃን ረገጠ። እነሆ አርባ ዓመቱ።
በ1968 ዓ.ም. በዛሬው ቀን ሰው የሌለባት መንኮራኩር ማርስ ላይ አረፈች።
በ1998 ዓ.ም. በዛሬው ቀን ኤርሚ በሦስተኛው ሙከራ መንጃ ፈቃድ አወጣ።»

ኤርሚ የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ወጣት፣ ቀልደኛ፣ አፉ የማያርፍ። የኋላ ጎማውን ሊያስለጥፍ ቆሞ ነበር። «ጋሼ፣ ሙድ አትያዝብኝ እንጂ! ከነጨረቃ ጋር መሰለፉ ይመቸኛል፣ ግን ሦስተኛው ሙከራ የምትለዋን በቃ አጥፋልኝ። ተሳፋሪ ያነባል።»

«ታሪክ ነው፤» አለ አታክልቲ። «ታሪክ አይጠፋም።»

መምህር ታዲዎስ መጡ። ጃንጥላቸውን አጠፉ። አነበቡ። ደግመው አነበቡ።

«አታክልቲ።»

«አቤት መምህር።»

«ረገጠ ነው የምትለው? አረፈ አይደለም?»

«ረገጠ ነው እንጂ። እግሩን አሳርፎ።»

«እኔ ያን ጊዜ የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪ ነበርኩ፤» አሉ መምህር፣ ድምፃቸው የክፍል ድምፅ እየሆነ። «መንኮራኩሯ ያረፈችው እሑድ ማታ ነው። ተኙ ተባልን፤ ሬዲዮኑን ከበን ቀረን። ሰውየው ወርዶ የረገጣት ሰኞ ሊነጋጋ ሲል ነው። እሑድ ሐምሌ 13 ነበር። ሰኞስ?»

አታክልቲ ጣቱን ቆጠረ። መቁጠር አላስፈለገውም ነበር። «14።»

«ኧረ መምህር!» አለ ኤርሚ። «ካረፈ ወረደ ማለት ነው በቃ!»

«አንተ ታክሲህን ስታቆም ሁሉም ወዲያው ይወርዳል?»

«ኧረ የት! አንዳንዱማ በሩ ላይ ቆሞ ስልክ ያወራል።»

«እነሱም ከስድስት ሰዓት በላይ ውስጥ ቆይተዋል።»

አታክልቲ አንድ ነገር ሞከረ። «ፈረንጆቹ ጁላይ 20 ነው የሚሉት፣ መምህር። ጁላይ 20 ደግሞ ሐምሌ 13 ነው።»

«በእነሱ አገር ሰዓት። ያንተ ሰሌዳ የተሰቀለው የት ነው?»

«ካዛንቺስ።»

«እንግዲህ!» አሉና መምህር ጃንጥላቸውን መሬት ላይ ጠቅ አደረጉ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲመኙት የኖሩት ሰዓት ነበር። አለመታደል ሆኖ ግን አታክልቲ ሰምቷቸው ነበር። ቁልፉን አነሣና የመጀመሪያውን ብሎን መፍታት ጀመረ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«የተጻፈውን።»

«አንተ ሰው! እኔ እኮ ቁጥሯን እንድታርማት ነው! አንዲት ቁጥር!»

«መምህር፣ ስህተት ያገኘ ያርመው አይልም። ያውርደው ነው የሚለው። ለርስዎ ደግሞ ከፍ ስለሚል እኔ ላግዝዎ ብዬ ነው።» አራቱንም ፈታ። ሰሌዳውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ከጎማ ቁልሉ ጀርባ አቆመው። ደብተሮቹን በላስቲክ ጠቅልሎ ቤቱ ወሰዳቸው። ከዚያ ተመልሶ የኤርሚን ጎማ ውሃ ውስጥ ነከረና አረፋው ከየት እንደሚወጣ ማየት ጀመረ። ቀና አላለም። ቀኑን ሙሉ ቀና አላለም።

ግድግዳው ላይ ሰሌዳው የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ቀረ። «ራቁቱን የቆመ ግድግዳ አይቼ አላውቅም፤» አለች ኢኽላስ፣ ለአንዴ እንኳ ሳትሳለቅ።

የሚቀጥሉት ቀናት ክፉ ነበሩ። ያኔ መብራት በፈረቃ ስለነበር፣ ተራው የጨለማ በሆነበት ቀን ኮምፕረሰሩ አይሠራም፤ ሰው መብራት እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ድሮ ሲጠብቅ ያነባል፣ ይከራከራል፣ ጎማው አልቆለት እንኳ «ቆይ ይቺን ልጨርስ» ይላል። አሁን ሰዓቱን ብቻ ያያል። «ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» የሚል ጥያቄ በአታክልቲ ከለላ በአሥራ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። እሱም «ትንሽ ነው» ይላል፤ አንገቱን እንደደፋ። እጁን ብቻ ነበር የምናየው።

ማክሰኞ መምህር ታዲዎስ በልማዳቸው መጡ። ባዶው ግድግዳ ፊት ቆሙ። ቀና ብለው፣ ከላይ እስከ ታች፣ የሌለውን ነገር አነበቡት ማለት ይቻላል። «ደህና አደርክ አታክልቲ፤» አሉ። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ሄዱ። ረቡዕ አልመጡም። ሐሙስም።

ረቡዕ የመጡት ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸዋአየሁ ናቸው፤ ወደ ኢኽላስ ሱቅ፣ ሳሙና ብለው። እኔ እዚያው ነበርኩ።

«ልጄ ኢኽላስ፣ ሰውዬው ሊገድለኝ ነው፤» አሉ። «ስህተት የሚፈልግበት ቦታ አጥቶ እኔን ያርመኛል። የግድግዳው ሰዓት ሁለት ደቂቃ ዘግይቷል አለኝ። ሽንኩርቱ እኩል አልተከተፈም አለኝ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ እንዴት እንደተጋባን ለጎረቤት ስነግር መሀል ገብቶ፣ የለበስኩት ቢጫ አልነበረም አለኝ። የኔን ቀሚስ!»

«ታዲያ ምን ተባለ?» አለች ኢኽላስ፣ ሳቋን ሳሙና ውስጥ እየደበቀች።

«ሄደህ ያወረድከውን ስቀል ነዋ ያልኩት! በኔ ሽንኩርት ላይ ታሪክ ከሚጻፍ!»

ዓርብ ሐምሌ 17 ረፋዱ ላይ ዝናቡ አባርቶ ነበር። መብራት የለም። ኤርሚ የፊት ጎማውን አውልቆ ተቀምጧል። ኢኽላስ ከሱቋ ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች። እኔም ስኮርታዬን፣ ትርፍ ጎማዬን፣ ላሳይ መጥቼ ነበር። ከሌላው ሁሉ ከፍ ባለው ቁልል ላይ ደግሞ ከረባት ያሰሩ፣ የማናውቃቸው ጎልማሳ ሰው ተቀምጠው ከአሥር ጊዜ በላይ ሰዓታቸውን አይተዋል፤ ከደምበል ሲመጡ ምስማር ወግቷቸው፣ ስብሰባ ነበረባቸው።

መምህር ታዲዎስ ከመንገዱ ብቅ አሉ። ጃንጥላው የለም። በእጃቸው የታጠፈ ወረቀት ብቻ ይዘዋል፤ አረማመዳቸውም የአስተማሪ ሳይሆን የሚፈተን ተማሪ ነበር።

«አታክልቲ፣ ተሳስቻለሁ።»

አታክልቲ አሁንም ቀና አላለም። «እርስዎ አልተሳሳቱም መምህር። ሰኞ ሊነጋ ሲል ብለዋል፤ ሰኞ ደግሞ 14 ነው።»

«ሊነጋ ሲል አልኩ እንጂ ነግቶ አላልኩም! ስማኝ፤ ትክክለኛውን ደቂቃ ፈልጌ አገኘሁት።» ወረቀቱን ዘረጉ። «በግሪንዊች ሰዓት ሁለት ከሃምሳ ስድስት። ወደኛ አገር ስታመጣው ሦስት ትጨምራለህ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር አምስት ከሃምሳ ስድስት። በእኛ ስንት ነው?»

«ከሌሊቱ አሥራ አንድ ከሃምሳ ስድስት፤» አለ አታክልቲ።

«አሥራ ሁለት ሊሆን?»

«አራት ደቂቃ።»

«አራት ደቂቃ!» መምህር ወረቀቱን እንደ ባንዲራ አውለበለቡት። «በእኛ ቀን የሚጀምረው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሌሊት ያለፈው ቀን ሌሊት ነው። ሰውየው የረገጣት በእሑድ ሌሊት ነው! በሐምሌ 13! አራት ደቂቃ ቀርቶት!»

ከዚያ ሁሉም በአንዴ ጀመረ።

«ኧረ መምህር፣ ሞባይሌ እኮ ቀኑን የሚቀይረው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው!» አለ ኤርሚ።

«ሞባይልህ የት ተሠራ?»

«እኔ ደግሞ እውነቱን ልናገር፤» አለች ኢኽላስ። «በእኛ ቀን የሚገባው ከመግሪብ ነው። እሑድ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰኞ ገብቷል። ስለዚህ ባለፈው መምህር ትክክል ነበሩ።»

«ኢኽላስ፣ በፈጠረሽ፣ ዛሬ ትክክል አታድርጊኝ!»

«በቤተ ክርስቲያንም እኮ ከማታ ነው የሚጀምረው፤» የሚል ወፍራም ድምፅ ከላይ መጣ። ባለ ከረባቱ ናቸው። «ዋዜማው ከማታ አይደል እንዴ የሚቆመው?»

መምህር ዞሩ። «ይቅርታ፣ እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት?»

«ገብረጻድቃን እባላለሁ። ጎማዬ ተንፍሶ ነው።»

«አቶ ገብረጻድቃን፣ እሱ ለጸሎት ነው። እኛ የምናወራው ስለ… ስለ ኑሮ ነው!»

አታክልቲ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተነሣ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ነበር፤ አሁን እየከሰመ ነው። «ይተውት መምህር። አያችሁ? አንዱ በስድስት ሰዓት ይላል፣ አንዱ በመግሪብ፣ አንዱ በዋዜማ። አከራካሪ ነገር ደግሞ ከስህተት ብዙም አይርቅም። ቃሌ ቃሌ ነው።»

በእውነት ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ያለቀ መስሎኝ ነበር። ኢኽላስ ናት ነገሩን የገለበጠችው። ኤርሚን ከላይ እስከ ታች ስታየው ቆየችና፣

«አንተ ሞባይሌ የምትል፣» አለችው፣ «የወሎ ሰፈሩን ሰውዬ ንገራቸው እስቲ።»

«የቱን ሰውዬ?»

«ሻንጣው ላይ የተቀመጠውን።»

ኤርሚ ፊቱን ሸፈነ። «ኢኩዬ፣ እባክሽ። ፋራ አታስብዪኝ።»

«እንግዲያው እኔ ልንገር። አንድ የወሎ ሰፈር ሰው ኤርፖርት እንዲያደርሰው ኤርሚን ቀጠረው። ትኬቱ ላይ ያለውን የፈረንጅ ቀን በቁሙ አንብቦ፣ ረቡዕ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ና አለው። የኛ ጌታ ረቡዕ ቀኑን ሙሉ መኪናውን ሲያጥብ ዋለ፤ መሸ፤ ሌሊት አሥር ሰዓት ሲሆን ሄዶ በሩን አንኳኳ። ሰውዬው በረራው ካመለጠው ልክ አንድ ቀን ሆኖታል! ያን ጊዜ ምን ብለህ ነው እዚህ ቆመህ የጮህከው፣ ኤርሚ? ስንታችን ነበርን የሰማንህ?»

ኤርሚ አጉረመረመ።

«አልሰማንም!»

«የረቡዕ ሌሊት ማለት ረቡዕ ከመሸ በኋላ ያለው ነው አልኩ፤» አለ ኤርሚ። «ታዲያ ውሸት ነው? እስኪነጋ ድረስ ሌሊቱ የረቡዕ ነው! ሕፃን ልጅ የሚያውቀውን ነገር ሰውዬው…» አፉ ተከፍቶ ቀረ። ቀስ ብሎ ወደ አታክልቲ ዞረ። «ጋሼ… የእሑድም ሌሊት እስኪነጋ የእሑድ ነው በቃ!»

መምህር ታዲዎስ ኤርሚን አቅፈው ሳሙት። ኤርሚ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ካለፍኩ ወዲህ አስተማሪ ስሞኝ አያውቅም አለ። ወዲያው ደግሞ አላለፍኩም እንጂ ብሎ አረመው።

«አንቺስ?» አሉ መምህር ወደ ኢኽላስ ዞረው፣ እየፈሩ። «መግሪቡን ምን ልናደርገው ነው?»

«የኔ አቆጣጠርማ ለኛ ወሮች ነው፤» አለች ትከሻዋን ሰብቃ። «ሐምሌን በሐምሌ ሕግ ዳኙት። ሱቄንም የምከፍተው በጠዋት ነው።»

ሁላችንም አታክልቲን አየነው። እሱ ደግሞ የሚያየው መምህርን ነበር፤ በቀጥታ፣ ፊት ለፊት።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ መምህር። እንደው ሊያጽናኑኝ ብለው ሳይሆን። ያን ሰዓት፣ በሬዲዮ ሲሰሙ፣ ፀሐይ ወጥታ ነበር?»

መምህር ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ፋኖስ ለኩሰን ነበር፤» አሉ። «የሬዲዮኑ ቁጥር አይታይም ነበርና አንዱ ልጅ ፋኖሱን ይዞ ቆሞልን ነበር። ረገጣት ሲባል ተነሥተን ስንጨፍር ያ ልጅ ፋኖሱን ጣለው፤ ጨለማ ውስጥ ነው የጨፈርነው። በደንብ አስታውሳለሁ፤ የሰው እግር ረግጫለሁ።» ዓይናቸውን ገለጡ። «አልነጋም ነበር፣ አታክልቲ።»

አታክልቲ ወደ ጎማ ቁልሉ ጀርባ ሄደ። ሰሌዳውን አወጣ። በበርሜሉ ውሃ ጨርቅ ነክሮ ወለወለው። ለመስቀል ሦስት ሰው አስፈለገ፤ ኤርሚ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው፣ አቶ ገብረጻድቃን ደግሞ ከረባታቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው መሀሉን በደረታቸው ደገፉት። ብሎኖቹ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሆነው ገቡ።

ከዚያ አታክልቲ ጠመኔ ይዞ ቆመና ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ። «ደብተሮቹ እኮ ቤት ናቸው፤» አለ። «ለዛሬ ምንም አላዘጋጀሁም።»

«ዛሬ ስንት ነው?» አሉ መምህር።

«17።»

«ሐምሌ 17!» መምህር ወረቀታቸውን ገለበጡት። «ቆይ፣ ቆይ… እነዚያ ሰዎች በሰላም ወደ ምድር የተመለሱት በ1961፣ ሐምሌ 17 ነው! እኛ ዘንድ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው። ሆን ብዬ ቀን መርጬ አይደለም የመጣሁት፤ ሸዋአየሁ አስወጥታኝ ነው!»

«በኔ አቆጣጠር ያ ሰዓት 18 ነው፤» አለች ኢኽላስ።

«ኢኽላስ!»

«ዝም ብያለሁ።»

አታክልቲ ጻፈው። ሁለተኛዋን መስመር ሲጀምር ሁላችንም መጮህ ጀመርን። ኤርሚ፣ ዛሬ ከቡልጋሪያ ማዞሪያ እስከዚህ አንድም ትራፊክ ሳያስቆመኝ መጣሁ፣ ጻፈው አለ። ኢኽላስ፣ የልጄ የመጀመሪያ ጥርስ ዛሬ ወለቀ አለች። መምህር፣ ታዲዎስ የተባለ ሰው ተሳስቻለሁ ሲል ተሰማ ብለህ ጻፍ፣ ሸዋአየሁ እንድታየው አሉ። አታክልቲ የዓለምና የአገር የሚለውን ሕጉን ለዚያች ቀን ረስቶት፣ የጮኸውን ሁሉ በተራ ይጽፋል፤ ፊቱ ላይ ጠመኔ፣ ጠመኔው ላይ ቅባት።

መብራት መጣ። ኮምፕረሰሩ ተንደቅድቆ ተነሣና ከለላውን አናወጠው። እኔ ደግ ልሆን ብዬ ወደ ባለ ከረባቱ ጠጋ አልኩ። «አቶ ገብረጻድቃን፣ ስብሰባ አለብኝ ሲሉ ሰምቼ ነበር። የርስዎን ጎማ ያስቀድምልዎ ልበለው?»

ሰውየው ሰዓታቸውን አላዩም። ዓይናቸው ሰሌዳው ላይ ነበር።

«ተዪው፣ ይጨርስ፤» አሉኝ። «የኔ መስመር ገና አምስተኛ ላይ ነው የሚመጣው።»